የሚነዝረው አሮጌ ኤሌክትሮሉክስ፦ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የምንከባከባቸው አሮጊት ሲያርፉ ልጆቻቸው ቤቱን ሲያስለቅቁ አንድ የድሮ ቫኪዩም ክሊነር ሰጡኝ። ረዘም ያለ፣ ክሮም የበዛበት ኤሌክትሮሉክስ ነው፤ ጎማ የለውም፣ በሁለት የብረት ሸርተቴ ላይ ነው የሚሄደው። ሦስት ኤክስ ተጽፎበታል። ስሰካው ይነሳል፣ ግን እምብዛም አይስብም። ከኋላው ሰማያዊ እሳት ብልጭ ይላል፣ የሚከረፋ ሽታ አለው፣ ብረቱን ስነካው ደግሞ ነዘረኝ። ባለቤቴ "ሞተሩ ሞቷል፣ ጣይው" ይለኛል። ሊታደስ ይችላል? ከታደሰስ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ብልክላት ይሠራላታል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ከሶኬቱ ይነቀል። እኔ እስክልሽ ድረስ መልሰሽ እንዳትሰኪው። ባለቤትሽ ስለ ሞተሩ የተሳሳተ ይመስለኛል። የሞተ ሞተር አይነሳም፤ ያንቺው ተነስቷል። በንዝረቱ ግን ቀልድ የለም።

ያገኘሽው ተራ ዕቃ አይደለም። ሦስቱ ኤክስ የሮማውያን 30 ነው፤ ሞዴል 30 ማለት ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1937 ሲሆን ቅርጹን ያወጣለት ሉሬል ጊልድ የተባለ አሜሪካዊ ዲዛይነር ነው። ጊዜው ባቡሩም መኪናውም ፍሪጁም ነፋስ ሰንጥቆ የሚሮጥ እንዲመስል ተደርጎ የሚሠራበት ነበር። ሳሎን ውስጥ የሚጎተት ዕቃ የት ሊደርስ እንደሚቸኩል እንጃ፣ ግን አምሮበታል። ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጦ ይታያል። ሸርተቴው ከእሱም ይቀድማል፤ የስዊድኑ ኤሌክትሮሉክስ በ1921 ያወጣው ማሽን ነው ወለል ላይ በሸርተቴ መሄድን ያስለመደው።

መለዋወጫ ፍለጋ ከመውጣትሽ በፊት አንድ ነገር እወቂ። አሜሪካ ውስጥ ይህን ማሽን ይሠራ የነበረው ድርጅት በ1968 ከስዊድኑ ኩባንያ እጅ ወጥቷል። ኋላም ስሙን ለስዊድኖቹ መልሶ ራሱን ኤረስ ብሏል። ስለዚህ ዛሬ ኤሌክትሮሉክስ የሚል ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ገብተሽ የዚህን የክዳን ጎማ ብትጠይቂ ሻጩ ግራ ገብቶት ያይሻል። ዕቃው የሚገኘው የቆየ የቫኪዩም ጥገና ሱቅ ያላቸው ሽማግሌዎች ጋ፣ ከሰብሳቢዎች፣ ወይም ለመለዋወጫነት ከሚሸጥ ሌላ ሞዴል 30 ነው።

አሁን ወደ ሥራው። አብዛኛው ሰው ዕቃው ቆንጆ ስለሆነ ክሮሙን መወልወል ይጀምራል። ቀጥሎ ሞተሩን ይፈታል፣ ሳይሆንለት ሲቀር ገመዱን ያያል። ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ፣ ቀጥሎ የአየሩ መንገድ፣ ከዚያ ሞተሩ፣ ውበቱ መጨረሻ ላይ። የድሮ ቫኪዩም አልስብ ሲል ሞተሩ ደክሞ የሚገኘው ጥቂት ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ የደረቀው ጎማና ጨርቅ ነው።

ከዚያም በፊት ከረጢቱ አለ። በዚህ ሞዴል ከፊት ያለውን ክዳን ስትከፍቺ የጨርቅ ከረጢት ታገኛለሽ። የሚጣለው የወረቀት ከረጢት በኋላ ነው የመጣው። አሜሪካ እርሳስ የተባለው መርዛም ብረት ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ሲጠረግ የኖረ ከረጢት ውስጥ የእርሳስ አቧራ መኖሩ አይቀርም ብለሽ አስቢ። ቤት ውስጥ አታራግፊው። ውጭ ወጥተሽ፣ ኤን 95 ማስክ አድርገሽ፣ በውሃ ርጨት እርጥብ አድርገሽ በላስቲክ አስረሽ ጣይው። ልጆች አጠገብሽ አይሁኑ። ለአዲሱ ከረጢት ጥቅጥቅ ያለ ጥጥ ጨርቅ ገዝተሽ በአሮጌው ልክ ልብስ ሰፊ ማሰፋት ትችያለሽ። አሮጌውን ከመጣልሽ በፊት ግን ልኩን ያዢ። እጥበት አይሞከርም፤ ጨርቁ ይሟሽሽና ልኩም አፉም ይጠፋል።

አሁን ንዝረቱ። የማሽኑ ገላ ብረት ነው። ስፒናው ደግሞ ሁለት እግር ብቻ ያለው የድሮ ስፒና ነው፤ የመሬት ሽቦ የለውም። ውስጥ የትም ቦታ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ካመለጠ መሄጃው አንቺ ነሽ። ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው በሦስት በኩል ነው። አንደኛው ገመዱ ነው። ወደ ማሽኑ በሚገባበት አካባቢ ጎማው ተሰነጣጥቆ ሽቦው ብረት ይነካል። ገመዱን እዚያ ጋ አጠፍ አድርጊና እይው፤ የሚፍረከረክ ከሆነ አለቀለት። ሁለተኛው ሰው የማይጠረጥረው ነው። ሞተሩ ውስጥ ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት ካርቦኖች እያለቁ በሄዱ ቁጥር ጥቁር ዱቄት ይጥላሉ። ዱቄቱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከአሥርት ዓመታት በኋላ ካርቦን መያዣውና የሞተሩ ገላ መካከል ጥቁር መንገድ ይሠራል፤ እርጥበት ሲጨመርበት ይነዝራል። ሦስተኛው ሬዲዮ እንዳይረብሽ አንዳንድ ማሽኖች ላይ የሚገባ ካፓሲተር የሚባል ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው። ካለ የድሮ የወረቀት ካፓሲተር ነውና ሳትለኪው አውጪው። ስትተኪ በሁለቱ የመብራት ሽቦዎች መካከል የሚገባው ኤክስ የሚል፣ ከሽቦ ወደ ብረት የሚሄደው ዋይ የሚል ምልክት ያለው መሆን አለበት። ሌላ ዓይነት አይገባም።

ለመለካት ቴስተርሽን ኦም ላይ አድርጊ። ማሽኑ ከሶኬት የተነቀለ ይሁን። የማሽኑን ማብሪያ ግን አብሪው! ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። ማብሪያው ከጠፋ ግማሹ መሥመር ተደብቆ «ደህና ነው» ይልሻል። አንዱን ጫፍ ስፒናው እግር ላይ፣ ሌላውን ያልተቀባ ብረት ላይ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው እግር። ምንም ማንበብ የለበትም። አነበበ ማለት አምልጧል። አላነበበም ማለት ግን ገና አልተረጋገጠም፤ የቴስተሩ ባትሪ ጉልበት ትንሽ ነው። ትክክለኛው በ500 ቮልት የሚለካው ሜገር ነው። ሞተር የሚጠግን ማንኛውም ቤት አለው፣ ሥራውም ደቂቃ አይፈጅም። ከ1 ሜጋኦም በታች ከሆነ ያ ማሽን አይሰካም። እኔ ለቤት አገልግሎት ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ካላየሁ አላስረክብም።

አዲሱ ገመድ ሦስት ሽቦ ያለው፣ ውፍረቱ ከ18 ጌጅ የማያንስ ይሁን (ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል)። ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ (ፌዙ) ወደ ማብሪያው ይሂድ። አረንጓዴው ደግሞ የማሽኑ ብረት ላይ፣ ቀለሙን ከውስጥ በኩል በማይታይ ቦታ ፍቀሽ፣ በብሎንና በጥርሳም ሮንዴላ ይጠበቅ። መግቢያው ላይ ገመዱ ቢጎተት ሽቦው እንዳይነቀል ከውስጥ ማነቂያ ይኑረው። በስታኞ በይደሽ የሸፈንሽውን በናስትሮ ብቻ አትተዪው፤ ሞተር አጠገብ ናስትሮ ይሟሟል። ሙቀት የሚያጠብቀውን ቱቦ ተጠቀሚ። ሰብሳቢዎች ባለ ሦስት እግር ስፒና ሲያዩ ያለቅሳሉ፣ «ኦሪጅናልነቱ ጠፋ» ይላሉ። ያልቅሱ። መደርደሪያ ላይ ለሚቀመጥ ዕቃ ልክ ናቸው። ቤት ሊጠርግ ለሚወጣ ብረት ግን የመሬት ሽቦ ይገባዋል። የድሮውን ገመድ ጠቅልለሽ አስቀምጪላቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰኪው ኩሽና ውስጥ «ቴስት» እና «ሪሴት» የሚሉ ቁልፎች ባሉት ሶኬት ይሁን፤ ካመለጠ ራሱ ይቆርጠዋል። ከቻልሽ ደግሞ ባለ 100 ዋት የድሮ ክር አምፖል በመሥመሩ መሐል አስገቢ። ኤልኢዲ አይሆንም። አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ሞተሩ ቀስ ብሎ ከዞረ ሰላም ነው። አምፖሉ ቦግ ብሎ ሞተሩ ካልተንቀሳቀሰ ወይ ሾርት አለ ወይ ሞተሩ ተይዟል። እንዲህ ዓይነት ሥራ ከእጅሽ የማይገባ ከሆነ ኤሌክትሪኩን ብቻ ባለሙያ ይሥራልሽ። የቀረውን አንቺ ትችይዋለሽ።

ቀጥሎ አየሩ፣ እኔ የምወደው ክፍል። ማሽኑ እየሠራ ቱቦውን አውልቀሽ መዳፍሽን የማሽኑ አፍ ላይ ግጠሚ። በኃይል ከያዘሽ ማሽኑ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ቱቦው ነው። አሁን ድምፁን አዳምጪ። አፉ ሲዘጋ ድምፁ ወደ ላይ ይቀጥናል። ሰው ይህን ሲሰማ «ሞተሩ ጨነቀው» ብሎ ይደነግጣል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ሞተሩን የሚከብደው አየር መግፋት ነው፤ አየር ሲቋረጥ ሸክሙ ይቀልለትና ይፈጥናል። ስለዚህ አፉን ስትዘጊው ድምፁ ምንም ካልተለወጠ አየር በሌላ በር እየገባ ነው ማለት ነው። ዘግተሽ ብዙ አታቆዪው ግን። በነዚህ ማሽኖች ከረጢቱን ያለፈው አየር ፋኑን አልፎ ሞተሩን ያቀዘቅዛል። አየር የለም ማለት ማቀዝቀዣ የለም ማለት ነው። ከረጢቱ ጢም እስኪል የሚሠራበት ሰው ሞተሩን የሚያቃጥለውም በዚሁ ነው።

በሩን ለማግኘት ሰንደል ለኩሺ። ማሽኑ እየሠራ አፉ ተዘግቶ ጭሱን በክዳኑ ዙሪያ ቀስ አድርገሽ አዙሪው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ታጥፎ ወደ ውስጥ ይገባል። እዚያ ጋ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ፍሙን ራቅ አድርጊው፤ የምትፈልጊው ጭሱ ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ የምታገኚው የክዳኑን ጓርኒሲዮን ነው። ጎማው ድርቅ ብሎ ተሰንጥቋል። በፕላስቲክ መፋቂያ አንሺው፣ ጎድጓዳውን በአልኮል አጽጂ፣ በልኩ የተቆረጠ አየር የማያሳልፍ ስፖንጅ ወይም ወፍራም ፌልት በኮላ ለጥፊ። ሲደርቅ የወረቀት ቁራጭ ጣል አድርገሽ ክዳኑን ዝጊና ወረቀቱን ጎትቺ። መያዝ አለበት። ክዳኑን ከፍተሽ ወረቀቱን አንድ ሁለት ጣት አራምጂና ድገሚ፣ ዙሪያውን በሙሉ። ሾልኮ የወጣበት ቦታ ላይ ስስ ደርብ ጨምሪ። በጣም ወፍራም ብታደርጊው ደግሞ መቆለፊያው ይጠመማል፤ የዚያን መለዋወጫ ፍለጋ መንከራተት አትፈልጊም።

ቱቦው ከላይ ሹራብ የመሰለ ጨርቅ፣ ከውስጥ ጥቅል ሽቦና ጎማ ነው። ጎማው ሲያረጅ ቱቦው ራሱ ወንፊት ሆኖ ይቀራል። በፕላስተር መጠቅለል የሳምንት ዕድሜ ነው። እኔ የምመክረው ከጫፎቹ ያሉትን የብረት ማያያዣዎች በጥንቃቄ ማውለቅና በልካቸው አዲስ የፕላስቲክ ቱቦ መግጠም ነው። የድሮውን መልክ ካልተውኩ የምትዪ ከሆነ ከውስጥ ፈሳሽ ላቴክስ አፍስሶ እያዞሩ ማድረቅ ይቻላል። አድካሚ ነው፤ የቱቦውንም መተጣጠፍ ትንሽ ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ ጨርሰሽ እሳቱና ሽታው ካለ ነው ወደ ሞተሩ የምትገቢው። «የሚከረፋ» ያልሽው ሽታ ምን ዓይነት እንደሆነ ለይተሽ ብትነግሪኝ ግማሹን በርቀት እነግርሽ ነበር። የሻገተ፣ የእርጥብ ውሻ ዓይነት ከሆነ የሞቀ አቧራ ነው። የተቃጠለ ጎማ ከሆነ ገመዱ ወይም የውስጥ ሽቦው ነው። ዝናብ ከመብረቅ ጋር ሲመጣ አፍንጫ ውስጥ ሰርስሮ የሚገባው ሽታ ከሆነ ኦዞን ነው፤ ከካርቦኑ እሳት ይመጣል። ጣፈጥ ያለ፣ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ከሆነ ግን ሽቦው ራሱ እየነደደ ነው። የምፈራው ይህን የመጨረሻውን ብቻ ነው።

ከመፍታትሽ በፊት በየደረጃው ፎቶ አንሺ። ካርቦኖቹ ሁለት ናቸው። ስታወጪ የቀኙን ከግራው፣ ላዩን ከታቹ ለይተሽ ምልክት አድርጊባቸው። ለዓመታት ተስማምተው ተቀርጸዋልና ተገላብጠው ቢገቡ እንደገና እሳት ይጀምራሉ። አጥረው ስፕሪንጉ መግፋት ካቃተው ይቀየሩ። ልኩ ካልተገኘ በስፋትና በውፍረት ትንሽ የሚበልጥ ገዝቶ መሞረድ ይቻላል፤ መያዣው ውስጥ ያለ ምንም መንገዳገድ እየተንሸራተተ መግባት አለበት። ከዚያ ቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ሸካራ ፊቱን ወደ ካርቦኑ አድርገሽ ኮሙቴተሩ ላይ (ካርቦኑ የሚያርፍበት የመዳብ ክብ ነው) ጠቅልዪና በእጅ አዙሪ፤ የካርቦኑ ጫፍ የክቡን ቅርጽ ይይዛል። ጥቁሩ የብረት መሞረጃ ወረቀት አይሆንም። ቅንጣቱ መዳቡ መሐል ይቀረቀራል።

ኮሙቴተሩ ወጥ የሆነ ቡናማ ቀለም ካለው እጅሽን ሰብስቢ። ያ ቆሻሻ አይደለም፤ ጤነኛ ሞተር በሥራ የሚያበጀው ሽፋን ነው። ወልውለሽ እንደ ወርቅ ብታበሪው ካርቦኑን ትበዪዋለሽ። ጠቁሮ የተቦረቦረ ከሆነ ግን ቶርኖ ቤት ጥቂት ያስተካክለዋል፣ ከዚያ በመዳቦቹ መሐል ያለው ማይካ (መለያው) ዝቅ ብሎ መቆረጥ አለበት። አጎራባች የሆኑ ሁለት መዳቦች ለብቻቸው ተቃጥለው ካየሽ አርሜቸሩ፣ ማለትም የሚዞረው የሞተሩ ክፍል፣ ውስጥ የተበጠሰ ሽቦ አለ። ካርቦኑ ጫፍ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ የዚህ ዓይነት ሞተር ባሕርይ ነው፣ አያሳስብም። እሳቱ ክቡን ዞሮ ቀለበት ከሠራ ግን አጥፊው። ለተበጠሰው ሽቦና ለቀለበቱ እሳት መፍትሔው ሪዋይንድ (ሽቦውን እንደ አዲስ መጠምጠም) ወይም ከሌላ ማሽን የወጣ ሞተር ነው። ሪዋይንዱ ውድ ስለሆነ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ኩሽኔታ በእጅ አዙሪው። የሚያጉረመርም ወይም የሚያቆራርጥ ከሆነ ይቀየር። ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተቀርጿል። በቫኪዩም ሞተሮች ላይ የተለመደው 608 ነው፤ ውስጡ 8፣ ውጭው 22፣ ስፋቱ 7 ሚሊ ሜትር። የአንቺ የተለየ ሊሆን ስለሚችል ለኪ። ስትገዢ ለከፍተኛ ፍጥነት የሚሆን በይ። በስፕሬይ ዘይት «ማለስለስ» አይሠራም፤ የቀረውን ግሪስ አጥቦ ነው የሚያወጣው። ለማውለቅ ፑለር ተጠቀሚ፤ ፋኑን ይዘሽ አትጎትቺ። ፋኖቹ ስስ አሉሚኒየም ናቸው፤ ትንሽ ከተጣመሙ ማሽኑ ዕድሜ ልኩን ይንቀጠቀጣል። የፋኑ ዳዶ አንዳንዴ በግራ የሚጠብቅ ነው። እንቢ ሲልሽ ጉልበት ከመጨመርሽ በፊት ጥርሱ ወዴት እንደሚያዘነብል እይ። ሌላም አለ፦ ፋኑን አውልቀሽ ሞተሩን በሙሉ መብራት እንዳታስነሺው። ሸክም የሌለው እንዲህ ያለ ሞተር ፍጥነቱን የሚገታለት የለም።

ስለ ውበቱ ብዙ አልልም። ክሮሙ ላይ ያለውን ዝገት በውሃ የተነከረ የአሉሚኒየም ፎይል ቀስ ብሎ ያነሳዋል። ቀለም የተቀባውንና ቆዳ የሚመስለውን ለስላሳ ሳሙናና ጨርቅ ይበቃቸዋል፣ ከዚያ የመኪና ሰም። የስም ሰሌዳውን በአልኮል አትንኪው፤ ጽሑፉ አብሮ ይሄዳል።

አሁን የእናትሽ ጉዳይ። ማሽኑ ለ120 ቮልት አካባቢ የተሠራ ነው፣ አዲስ አበባ ያለው 220 ቮልት ነው። የ60 እና የ50 ኸርዝ ልዩነት ይህን ሞተር አይመለከተውም፤ ቮልቴጁ ግን ይገድለዋል። ሰው መብራት ሲመጣ ቸኩሎ በቀጥታ ቢሰካው የለፋሽበት ሁሉ በጭስ ያልቃል። ስቴፕ ዳውን ትራንስፎርመር የግድ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለውን አምፔር በ120 አባዢው። ለምሳሌ 4 አምፔር ቢል 480 ይመጣል፤ ሲነሳ የሚስበው ስለሚበልጥ 1000 ዋት የሚል ትራንስፎርመር ትይዣለሽ። ለፀጉር ማድረቂያ ተብሎ የሚሸጠው ቀላሉ የጉዞ መቀየሪያ ለሞተር አይሆንም። ትራንስፎርመሩ ደግሞ ከባድ ነው፣ ከሻንጣሽ 23 ኪሎ ላይ ይቆረጣል። እዚያ ያለው ሶኬት የመሬት መሥመር እንዳለውም መረጋገጥ አለበት፤ ከሌለ ያ ሁሉ አረንጓዴ ሽቦ ከንቱ ነው።

እኔን ከጠየቅሽኝ አትላኪው። ለእናትሽ እዚያው ባለ 220 ቮልቱን አዲስ ግዢላቸው፤ ከረጢቱም ጠጋኙም በአካባቢያቸው ይኖራል። ይሄኛው አንቺ ጋ ይቅርና ምንጣፍሽን ይጥረግ።

ለአሁኑ ሦስት ነገር ላኪልኝ፦ ገመዱ ከሚገባበት ቦታ ፎቶ፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አምፔር፣ እና ከፍተሽ ከደረስሽ የኮሙቴተሩን ፎቶ በጥሩ ብርሃን። ቀለሙን ካየሁ በኋላ ካርቦን ትገዢ ወይም ሌላ ሞተር ትፈልጊ እነግርሻለሁ።